«ደስታ ገብቶልናል» ያልሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የቀረሁበትን ቅዳሴ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? አባቴ፣ አንድ ፊደል ለውጫለሁ ልበላቸው? «ልጄ፣ ፊደል መለወጥም ኃጢአት ሆነ?» ቢሉኝስ? ፈገግ ብለው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ቢሉኝስ? የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ለአንተ ለማላውቅህ አንባቢ እናገራለሁ። አንተ ፈገግ ብትል አላይህም።

በጃንሆይ ዘመን፣ ራዲዮ ገና ብርቅ በነበረ ጊዜ፣ አንኮበር አስተማሪ ነበርሁ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ስለ ነበሩ ፊደሉንም ዳዊቱንም ቤት ውስጥ ጨርሻለሁ፤ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስገባ ግን ቁመታቸው ወገቤ ላይ ከማይደርስ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን አንዲት ነጥብ አያባክንም። እኔም አላባክንም ነበር። ሰው አማርኛ ሲያበላሽ ስሰማ ጥርሴን ያመኝ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ መኪና ለትምህርት ቤታችን ራዲዮ ተሰጠን። ባትሪው ከራዲዮው ይበልጣል። ይዞት የመጣው ሹም በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ገበሬው ከመንደሩ ሳይወጣ እንደሚማር፣ አገርም በዚሁ እንደሚለማ ሰፊ ንግግር አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ ራዲዮው ስለ ዘር አመራረጥ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ በግ እከክ ያስተምራል። ከትምህርቱ በኋላ ሰዉ ይወያያል። የተማሩትንና የሚጠይቁትን በደብዳቤ ጽፎ የሚልክ ጸሐፊ ያስፈልግ ነበርና እኔ ተመረጥሁ። የራዲዮው ተናጋሪ በየእሁዱ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚላት ነገር ነበረች፦ «ሰብል ቢበላሽባችሁ፣ ከብት ቢታመምባችሁ ጻፉልን፤ የከብት ሐኪም ወደሚላክበት ክፍል እናደርሳለን።»

አያ ሽፈራውን ያወቅሁት በዚያው በመጀመሪያው እሁድ ነው። ከአንኮበር በታች፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ካለች ትንሽ መንደር እየወጣ የሚመጣ ገበሬ ነበር። ራዲዮውን ከግራም ከቀኝም አየው።

«የኔታ፣ ይኼ ሰውዬ እኛን ይሰማናል?» አለኝ። ሴት አስተማሪ አይቶ ስለማያውቅ የኔታ የሚለውን ስም ለጨዋታ አወጣልኝ፤ ሰዉም ያዘው፤ የኋላ ኋላ እሱም የምሩን ሆነ።

«አይሰማንም።»

«የሚናገር እንጂ የማይሰማ! እንግዲያው የኛን ጭቃ ሹም ሣጥን ውስጥ አስገብተው ነዋ ያመጡልን!»

ግቢው ሁሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ደብዳቤ ሲጻፍለት እንደሚሰማ አስረዳሁት። እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። በዕድሜ አባቴ ይሆን ነበር።

ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርሁ። ብቸኝነቴን ሰበብ ላደርገው አይደለም፤ እንዳለ ልናገረው ነው። አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ጉም ከገደሉ በኩል ይወጣና በቀን መስኮቴን ይዘጋዋል። ወንዶቹ አስተማሪዎች ተሰብስበው ጠጅ ቤት ይሄዳሉ። የከተማው ሴቶች ያለ ባል የምትኖር፣ መጽሐፍ ታቅፋ የምትዞር ሴት ግራ ታጋባቸዋለች፤ ሰላም ይሉኝና ያልፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪዎቼ በቀር ማንንም ሳላናግር እሁድ ይደርሳል። ያን ጊዜ ያ ድምፅ ይመጣል። እያንዳንዱ ፊደል በቦታው፣ ጠበቅ የሚለው ጠብቆ፣ ላላ የሚለው ላልቶ። ባል ይሁነኝ ብዬ አልተመኘሁም። እንደዚያ አድርጎ የሚያናግረኝ ሰው ነው የተመኘሁት።

እንግዲህ በየሳምንቱ ጻፍሁለት። ዓመት ሙሉ ጻፍሁ። አንድም ቀን አላነበበልኝም። የሚያነበው የምስጋና ደብዳቤ ነበር፤ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ጸሐፊ። የእኔ ጥያቄ ይበዛው ነበር፦ ገብሱ ለምን ይቢጫል፣ በጉ ለምን ያስላል። በየእሁዱ አንገቴን አስግጌ እጠብቃለሁ፤ ሌላ ሰው ይመሰገናል። ቅናት እንዲህ ይጀምራል? ሰው ባላየው ሰው፣ በወረቀት ላይ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

አያ ሽፈራው በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። ተማሪዎቹ ለእረፍት ወጥተው ይጫወቱ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠራኝ።

«ምነው? ግባ እንጂ» አልሁት።

«አልገባም፣ የኔታ። እዚሁ ይሻለኛል።»

ግቢው ውስጥ የዘበኛው ላም ከነጥጃዋ ታስራ ትግጥ ነበር። እሱ ወደ እሷ ያያል፣ እግሩን ያያል፣ ደግሞ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። ዓይን አፋርነት መሰለኝ።

«ያቺን ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ደስታ ገብቶብናል ይበሉልኝ።»

«ምን ገባባችሁ?»

«ደስታ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደስታ ገብቶብናል፤ መጥታችሁ እዩልን ይበሉ። ሌላውን እነሱ ያውቁታል።»

ሣቅሁ። አዎ፣ ያን ቀን ሣቅሁ። «አያ ሽፈራው፣ ደስታ እኮ አይገባባችሁም፤ ይገባላችኋል እንጂ። የሚገባባችሁ ክፉ ነገር ነው። ‹ገብቶልናል› ነው የሚባለው።»

«ኧረ የኔታ፣ ገብቶብናል ነው!»

«ሰዋስው ነው። የአማርኛ ሕግ ነው።»

ከንፈሩ ደርቋል።  ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ «በመንግሥት አማርኛ እንዲያ ከሆነ እኔ ምን አውቄ» አለ። «ለትልቅ ሰው ሲነገር ‹ብን› አይባል ይሆናል። ብቻ ይፍጠኑልኝ።»

የአድማጮች ደብዳቤ የባለ ጉዳዩ ስምና አሻራ ይኖርበት ነበር። ደወሉ ሊደወል ስለ ነበር ባዶ ወረቀት አመጣሁና አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ግርጌው ላይ አሳተምሁት። ባዶ ወረቀት ላይ አተመልኝ፤ አመነኝ። ጣቱን በቅጠል እየጠረገ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ።

አንባቢዬ፣ ከብት ባለበት ቤት ያደግህ ከሆንህ ነገሩ ገብቶሃል። ደስታ የከብት በሽታ ስም ነው። ከብቱን ዓይኑን ያስለቅሰዋል፣ አፉን ያቆስለዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ በሳምንት ውስጥ በረቱን ባዶ ያደርገዋል። ገበሬው ክፉ ስም ቢያወጣለት የሚቆጣና የሚብስበት ይመስል ደስታ ብሎ ይጠራዋል። በሽታው የገባበት መንደር ሰውም በእግሩ እንዳያመጣው ብሎ ከሌላው ከብት ይርቃል። አያ ሽፈራው ከአጥሩ ውጭ የቆመው የዘበኛውን ላም ፈርቶላት ነበር።

እኔ ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከብት አልነበረንም። አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ። ግን ፊቱን አላየሁም? ደስ ያለው ሰው ከንፈሩ ደርቆ፣ ያን ሁሉ ዳገት በሥራ ቀን ወጥቶ «ይፍጠኑልኝ» ይላል? ዘበኛው አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጧል፤ ጠርቼ «ደስታ ምንድን ነው?» ብለው ምን እሆን ነበር? አስተማሪዋ አንድ የአማርኛ ቃል ከዘበኛ ጠየቀች ይባል ነበር። ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጻፍሁት። እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። እሱ ያለው ሁለት ዐረፍተ ነገር ለእኔ ስለ ጠበበኝ ከራሴ ጨመርሁበት፦ ራዲዮው ከመጣልን ወዲህ ምክሩን ሰምተን ሠርተናል፣ በመንደራችንም ደስታ ገብቶልናል፣ መጥታችሁ እዩልን። የምስጋና ደብዳቤ እንደሚነበብ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ጻፍሁት።

በሦስተኛው እሁድ ተነበበ።

አያ ሽፈራው ጎረቤቶቹን ይዞ መጥቶ፣ የዘበኛው ላም ወደ ሜዳ መውጣቷን አይቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ሐኪሞቹ የሚመጡበትን ቀን ሊሰሙ ነው የመጡት። ተናጋሪው «ከአንኮበር በታች ከሚኖሩት አድማጫችን ከአቶ ሽፈራው» ሲል አጠገቡ የነበረው ሰው በክርኑ ጎሸመው፤ «ስምህን ጠራው! ስምህን ጠራው!» አያ ሽፈራው ተነሥቶ ቆመ፣ ነጠላውን አስተካከለ፤ ሹም ፊት የቀረበ ይመስል።

ደብዳቤዬ ተነበበ። እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የእኔ ቃል በዚያ ድምፅ! ከንፈሬ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። ግቢው ምን እንደ ሆነ አላየሁም። አንብቦ ሲጨርስ ተናጋሪው ከራሱ ጨመረ፦ «ደስታችሁ ደስታችን ነው። አምላክ ያብዛላችሁ፤ ለጎረቤቶቻችሁም ያድርስላቸው።»

ያን ጊዜ ቀና አልሁ። ሰዉ ሁሉ አያ ሽፈራውን ያያል።

እትዬ በለጡ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የአያ ሽፈራው የመንደር ሰው። በዚያው ሳምንት ሁለቱም በሬዎቿ ሞተውባታል። ቀስ ብላ ተነሣች።

«ያብዛላችሁ ነው ያለው?» አለች። «ለጎረቤትም ያድርስ?» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ሽፈራው! እኔ በሬዎቼን ጎትቼ ገደል ሰድጄ ሳልጨርስ አንተ ምስጋና ትልካለህ? ጭቃ ሹምነት አማረህ?»

«ከብታችን ሲያልቅ ደስ ብሎናል ብሎ ለጃንሆይ እጅ መንሻ ላከ!» አለ አንዱ ከኋላ።

አያ ሽፈራው እንደ ቆመ ነው። «እኔ? እኔማ እንዲያ አላልሁም… የኔታ ያውቃሉ። የኔታ፣ ያልሁትን ይንገሯቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። በለጡ ስትናገር ነው የገባኝ፤ በሽታው፣ አጥሩ፣ የደረቀው ከንፈር፣ የለወጥሁት ፊደል። አላወቅሁም የምልበት ጊዜ እዚያ ላይ አበቃ። እያወቅሁ አፌን ከፈትሁና፣

«የተባልሁትን ነው የጻፍሁት» አልሁ።

እሱም አልበቃኝም። «አሻራውም አለበት» አልሁ።

አያ ሽፈራው አውራ ጣቱን አየ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጣቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ነገሩን ለመረዳት የሚሞክር ሰው ፊት ነበረው። ከዚያ ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት ከግቢው ወጣ። መንገድ የለቀቁለት አክብረውት አይደለም። እንዳይነካቸው ነው።

ደብዳቤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መኪና የሚሄደው ሰኞ ሰኞ ነው። ማግሥቱ ሰኞ ነበር። ጻፍሁ፤ «በሽታ ገብቷልና የከብት ሐኪም ላኩ» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ግን ያለፈውን ደብዳቤ ማን አጣመመው ቢሉኝስ ብዬ ቀደድሁት። መኪናው ሄደ። በሚቀጥለው ሰኞም ጻፍሁ፤ እንደገና ቀደድሁ። በዚያው ሰሞን ከራዲዮ ጣቢያው አጭር ወረቀት ደረሰኝ፦ አማርኛዎ እጅግ ያማረ ነው፣ ይቀጥሉበት። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው። ከታች በረት እየተዘጋ እኔ ያን ወረቀት አጣጥፌ መጽሐፌ ውስጥ አኖርሁት።

ሐኪሞቹ በሌላ ወረዳ በኩል ሰምተው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጡ። በዚያች መንደር መርፌ የሚወጋ ከብት እምብዛም አልቀረም ነበር። አንደኛው ወጣት ሐኪም ትምህርት ቤታችን ውሃ ሊጠጣ ገባ። ራዲዮውን ሲያይ «ያ የምስጋና ደብዳቤ ከዚህ ነው አይደል የመጣው?» አለኝ። «ስሰማው ‹ደስታ› የሚለው ቃል ከነከነኝ። ተነሥቼ ለአለቃዬ ልነግር ነበር። ግን ‹ገብቶልናል› ይላል። ባለ ከብት ስለ በሽታው ቢናገር ‹ገብቶብናል› ይላል እንጂ ብዬ ተውሁት።» ጣሳውን አስቀምጦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። እኔ ጣሳውን አንሥቼ አጠብሁት። 

አያ ሽፈራውን መንደሩ አገለለው። በሬ የሌለው ገበሬ ያለ ጎረቤት እንዴት ይኖራል? ደቦ የሚመጣለት አጣ። ማኅበር ላይ ጽዋው እሱን እየዘለለ ያልፋል አሉ። ቤቱን ዘግቶ፣ መሬቱን ለጎረቤት ጥሎ፣ ሚስቱን ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ ረግጬው አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርሁ። አንድ ጧት፣ ውርጩ ገና ሳይነሣ፣ የጭነት መኪና መቆሚያው አጠገብ ሳልፍ «የኔታ!» የሚል ሰማሁ። የእህል ጆንያ ያጎበጠው ጀርባ፣ የተቀደደ ኮት፤ አያ ሽፈራው ነው። ልሸሽ አሰብሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አይቆጡኝም?»

«አልቆጣም።»

«ያ ነገር… በመንግሥት አማርኛ እንደ እርስዎ አባባል ነው የሚባለው? ሦስት ዓመት አሰብሁት። ሰዉ የጠላኝ ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ። እኔ ነኝ ቃሉን አጥፍቼ የነገርሁዎ?»

ጧት ነበር። የሚሰማን አልነበረም። ግቢ ሙሉ ሰው አልነበረም፣ ሹም አልነበረም፣ ራዲዮ አልነበረም። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። አይደለም፣ አያ ሽፈራው፣ አንተ ልክ ነበርህ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይበቃል? የመጀመሪያውን በትዕቢት አጠፋሁ፤ ሁለተኛውን በፍርሃት። ይህን ሦስተኛውን በምን አጠፋሁት? እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

«አዎ» አልሁት። «አንተ ነህ ያጠፋኸው።»

ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ተነፈሰ። «ተመስገን! እንግዲያው ጥፋቴን አወቅሁ። ጥፋቱን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይለምናል? ግራ ገብቶኝ ነበር የተቀመጥሁት።» እጄን ሳመው። እጄን! ጆንያውን ወደሚጭንበት ተመለሰ።

የሆነውን የነገረችኝ ራሷ በለጡ ናት፤ ለገበያ ደብረ ብርሃን መጥታ መንገድ ላይ አግኝታኝ።

«ሽፈራው መጣ እኮ» አለችኝ። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ቆሟል። ‹አላዋቂ ነኝ፣ ቃል አጥፍቼ አስፈጀኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ› ይላል። እኔ መጀመሪያ አልፌው ሄጄ ነበር። ደግሞ ዞር ብዬ ሳየው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ምን ላርግ፣ የኔታ? እኔው ነኝ ድንጋዩን ያነሣሁለት። ይቅር አልነው።»

መሬቱን መልሰውለት፣ ደቦ ወጥተውለት፣ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። እንግዲህ ምን ጎደለ? ታረቁ፣ አለቀ፣ ትለኝ ይሆናል። ብዙ ዓመት ለራሴ ያልሁት እሱን ነው። ይኼ ሰበብ ከሰበቤ ሁሉ ስለሚጥመኝ ነው የማላምነው።

የዚያች መንደር ሰዎች፣ ወይም ልጆቻችሁ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ ስሙኝ። አያ ሽፈራው አላጠፋም። የከብታችሁን በሽታ በስሙ ጠርቶ፣ በትክክለኛው አማርኛ፣ በጊዜው ተናግሯል። እኔ ግን ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የጠየቅሁ እንደ ሆነ ደግ ሰዎች ስለ ሆናችሁ ይቅር ትሉኛላችሁና። መቃብሩ ድረስ ሄዳችሁ እሱን ይቅርታ ጠይቁት። ከማጅራቱ ላይ ያነሣችሁለት ድንጋይ የእኔ ነበር።